ክፍተቱ አይነካም

ጥቅምት 3

ይድረስ ለወንድሜ ለብሎን፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደኅና ነኝ። እማም ደኅና ናት፤ ጉልበቷን ከማማረር በቀር የጎደለባት የለም። ዛሬም ብሎን እያልኩ ስጽፍልህ እንዳትቀየመኝ። የቤታችንን በር በመፍቻ ከማጠፊያው የነቀለ ልጅ ሽማግሌ ቢሆን እንኳ ስሙ አይለወጥም።

የጠየቅከኝን በቀጥታ ልመልስልህ። አዎ፣ እማ የነገረችህ እውነት ነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተጣልቻለሁ። አይ፣ አልተባረርኩም። የጠቡን መነሻ ግን እሷ አታውቅም። ለአንተ እጽፍልሃለሁ፣ አንተ ደግሞ በስልክ እንዳትደግምላት።

ቤተ መጻሕፍታችን እንደ እኔ ለማያዩ ሰዎች መጻሕፍትን በድምፅ አስቀርጾ እንደሚያውስ ታውቃለህ። እኔ የካታሎግ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ ስም የምሰጠው እኔ ነኝ። ጋሽ መነኸሪያ የምንላቸው አንባቢ ነበሩን። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ተራ ላይ በድምፅ ማጉያ መነሻና መድረሻ ሲለፍፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እኛ ጋ መጥተው ልብ ወለድ ማንበብ ጀመሩ። ከጡሩንባ ጋር ሲታገል የኖረ ድምፅ ነበር፤ በዚያ ድምፅ የፍቅር ቃል ሲያነቡ መስማት ነበረብህ። «የጨው ድልድይ» የሚባለውን ወፍራም መጽሐፍ ጨርሰው በሳምንቱ አረፉ።

ከቀብር ተመልሰን የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ስንፈልግ ዋናው ማከማቻ ውስጥ የሉም። ቀረጻ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይም የሉም። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ በራሱ የሚነሳ፣ ስክሪፕት የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አለን፤ አዳዲስ ቅጂዎችን ወደ ማከማቻው ይገለብጥና ቀረጻ ክፍሉን ያጸዳል። እሱ ጠርጎ ጥሏቸዋል። የሌሎቹም አንባቢዎች ሥራ ጠፍቶ ነበር፤ እነሱ ግን በሕይወት ስላሉ እያጉረመረሙም ቢሆን ደግመው አነበቡ። ጋሽ መነኸሪያን ማን ያስደግማቸዋል?

አሁን ጥፋቱ የእኔ ነው ተብሏል። ድሮ የፋይል ስም ሲጻፍ ቃላቱ በሰረዝ ይያያዙ ነበር። ሰው እንደሚጽፈው በክፍተት ይለያዩ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ስክሪፕቱ ደግሞ ክፍተት አይወድም አሉ። ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም የፋይል ስም ውስጥ ክፍተት እንዳይገባ የሚል መመሪያ ወጥቷል። ከሥሩ፣ ቅጂዎቹ በእኔ ቸልተኝነት እንደጠፉ አምኜ የምፈርምበት ቦታ አለ።

«ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እያሰብኩበት ነው።

ስክሪፕቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ከየት አገኘሽው አትበለኝ። አይተህ ንገረኝ፣ የአንዲት ባዶ ቦታ ኃጢአት ምንድን ነው?

እህትህ

*

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር መጠበቅ ማለት አቧራ መጥረግ ማለት ነው፤ ሰሞኑን ማሽን ስከፍት ስዘጋ ነው የከረምኩት። ስለ ብስክሌቴ የጠየቅሽኝ፣ ሸጥኩት። መንገዱ አይመችም። አሁን ከፋብሪካው አጥር ሥር ቤት ተከራይቼ በእግሬ ነው የምመላለሰው።

ስክሪፕትሽን አየሁት። ሼል የምንለው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ቃልን ከቃል የሚለየው በክፍተት ነው። «የጨው ድልድይ ምዕራፍ ሠላሳ የሚለውን ፋይል ገልብጥ» ሲባል አንድ ፋይል መሆኑ አይገባውም። «የጨው» የሚባል ይፈልጋል፣ «ድልድይ» የሚባል ይፈልጋል፣ «ምዕራፍ» የሚባል ይፈልጋል። አንዱንም አያገኝም፤ «የለም» ብሎ ያልፋል። ስክሪፕቱም ገልባጩን «ተሳካልህ ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም፣ በቀጥታ ወደሚቀጥለው መስመር ይሄዳል። የሚቀጥለው መስመር ክፍሉን ጥረግ ይላል። ጠራጊው ደግሞ ስም አይጠራም፤ ያለውን ሁሉ ጥረግ ነው የተባለው። ገልባጩ በስሙ ተደናቀፈ፣ ጠራጊው ግን የሚደናቀፍበት ነገር አልነበረውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስሙ በትእዛዙ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ከፊቱና ከኋላው ትእምርተ ጥቅስ ማድረግ ነው። ያኔ ሼሉ በጥቅስ የታቀፈውን ሁሉ እንደ አንድ ስም ይወስደዋል።

እንዲህ ካልኩሽ በኋላ ግን እንደ ወንድም ልምከርሽ። መመሪያውን ተቀበይና ክፍተቱን አጥፊው። እኛም ፋብሪካ እንዲሁ ነው የምናደርገው፤ ስም ሁሉ አንድ ላይ ይጣበቃል፣ ማንም አይሞትም። ወረቀቱንም ፈርመሽ ሰላምሽን ያዢ። ለአንዲት ባዶ ቦታ ብለሽ ከአለቃ ጋር ለአንዲት ባዶ ቦታ ብለሽ ከአለቃ ጋር አትናከሺ።

እማን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 12

ለብሎን፣

ምክርህ ደርሶኛል። አልቀበለውም።

ሰላምታ የዘለልኩት ተናድጄ ስለሆነ ነው፤ ለትምህርቱ ግን አመሰግናለሁ። ሰው ቀለል አድርጎ ሲያስረዳኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው። እኔም በተራዬ አንድ ነገር ላስረዳህ።

አድማጮቻችን መጽሐፍ የሚመርጡት የፋይሉን ስም እየሰሙ ነው። ማጫወቻቸው ስሙን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። በሰረዝ ስናያይዘው «የጨው ሰረዝ ድልድይ ሰረዝ ምዕራፍ ሰረዝ» ይላቸዋል። ሙሉ መደርደሪያ በዚህ ዓይነት ማዳመጥ ጆሮ ላይ ሚስማር እንደመምታት ነው። ስናጣብቀው ደግሞ ይባስ ብሎ አንድ ረጅም ማጉረምረም ይሆናል። «እንቁ ላልኳት» የሚል የፍቅር መጽሐፍ አለን። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ እንቁ ሲላት የኖረችውን ሴት፣ ቃሉን ስታጣብቀው ማጫወቻው «እንቁላልኳት» ይላታል። አንድ አድማጭ ስለ ዶሮ እርባታ መስሎኝ አለፍኩት አለኝ፤ እየቀለደ አልነበረም።

እናንተ ፋብሪካ ውስጥ ማንም አይሞትም ያልከው እናንተ ስሙን በዓይናችሁ ስለምታዩት ነው። እኛ ዘንድ ያቺ ክፍተት ሰው ትንፋሽ የሚወስድባት ቦታ ናት። ስሙን ያስተካከልኩት አድማጮች ሲያማርሩ ሰምቼ ነው፤ ደግሜም አደርገዋለሁ። ማሽኑ በሰው አጻጻፍ ካልሠራ ማሽኑን ያስተካክሉት። እኔ በማሽኑ አፍ አልናገርም። ወረቀቱንም አልፈርምም።

አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ደብዳቤህን አንባቢ ፕሮግራሜ ሲያነብልኝ አንዱን ሐረግ ሁለት ጊዜ አለው። የተበላሸ መስሎኝ መልሼ አስነበብኩት፤ አንተ ነህ ሁለቴ የጻፍከው። ቃል የማትደግም ሰው ነበርክ። ብስክሌትህንም ሸጥክ፣ ያንን ብስክሌት። ቤትህም ወደ አጥሩ ቀረበ። ዓይንህ እንዴት ነው?

እህትህ

*

ጥቅምት 25

ለእትዬ፣

ይቅርታ። ለዘገየሁበትም፣ ለምክሬም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተቆጥቼ ነበር። እሷ ስለ ፋብሪካ ምን ታውቃለች ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሳጉተመትም ዋልኩ። ከዚያ የእኛን ፋይሎች የሚናገር ፕሮግራም ጭኜ፣ የምሳ ሰዓት ላይ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ ስክሪኑን አጥፍቼ፣ የወሩን የምድጃ ሪፖርት ፈለግኩ። ያው በየቀኑ የምከፍተውን። ስሞቹን ያጣበቅኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ምሳዬ ቀዘቀዘ፣ ሪፖርቱን አላገኘሁም። የጎን ባልደረባዬ «ምን ሆነህ ነው ሰው የሞተብህ የምትመስለው?» አለኝ።

ስለዚህ ምክሬን አንስቻለሁ። ስክሪፕቱን እንደገና ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ለባለሙያችሁ ስጪው። ጥቅሱ ብቻ እንደማይበቃ ደግሜ ሳየው ገባኝ። አሮጌው ስክሪፕት መጀመሪያ የፋይሎቹን ስም በዝርዝር ያስጽፍና ያንኑ ዝርዝር መልሶ ሲያነብ እዚያም ይቆራርጣቸዋል። አዲሱ ዝርዝር አያስጽፍም፤ ፎልደሩን ራሱን እየጠየቀ ስም በስም ይቀበላል፣ እያንዳንዱንም በጥቅስ አቅፎ ያስተላልፋል። በሰረዝ የሚጀምር ስም ቢመጣም እንደ ትእዛዝ እንዳይቆጥረው አድርጌዋለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠራጊው ብቻውን አይነሳም። ገልባጩ ገልብጫለሁ ብሎ፣ ሁለቱ ቅጂዎች እኩል መሆናቸው ተረጋግጦ፣ ያ አንዱ ፋይል ብቻ ነው የሚጠረገው። ያልተረጋገጠ ባለበት ይቀመጣል።

በመጥፎ መጥፎ ስሞች ፈትኜዋለሁ። ክፍተት የበዛበት፣ ክፍተት የሚቀድመው፣ የጥያቄ ምልክት ያለበት፣ ራሱ ውስጥ ጥቅስ ያለበት። ሁሉም አለፉ።

አትፈርሚ። አልፈርምም ማለትሽ ትክክል ነበር።

የጠየቅሽኝን ሌላውን ጉዳይ በሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን። ሥራ በዝቶብኛል።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 2

ለብሎን፣

እንደምን ሰነበትክ? ስልክሽ በሥራ ሰዓት ከቤት ነው የሚነሳው፣ ለምን? ላልከኝ፣ ቤት ስለሆንኩ ነው። ከሥራ ታግጃለሁ። እማ ዕረፍት ወጥታለች ነው የምታውቀው። አንተ ከእኔ የምትደብቀው ካለህ እኔም ከእሷ መደበቄን ይቅር በለኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ቢሯቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበው እጄን መደገፊያው ላይ አስቀመጡልኝ። የኮምፒውተር ባለሙያችንም ነበር። ቀስ በል ነው የምንለው፣ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ «ቀስ በሉ» ስለሚል።

«ይኼ የኮምፒውተር ጉዳይ ነው፤ ስሜት አታስገቢበት» አሉኝ።

«እኔ ያስገባሁት ክፍተት ነው» አልኳቸው።

የአንተን ስክሪፕት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወደ ቀስ በል ዞረው «ይስተካከላል እንዴ?» አሉት። «ቀስ በሉ። ይስተካከላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላስተካከልከውም?»

«ውላችን ስክሪፕቱን የሠራው ድርጅት ብቻ ነው የሚነካው ይላል። ጽፈንላቸው ነበር። ስማችሁን ቀይሩ ብለው መለሱልን።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ሥራ አስኪያጃችን ሳቄን አልወደዱትም። ወረቀቱን ወደ እጄ ገፉት። «ድርጅቱን ከምንከስ፣ ውል ከምናፈርስ፣ አንቺ ብትፈርሚ ሁላችንም እንገላገላለን። ደመወዝሽ አይነካም» አሉ።

«እኔ ከፈረምኩ የሚቀጥለው ሰው ፋይሉ ሲጠፋበት እሱም ይፈርማል» አልኳቸው። «አልፈርምም። ክፍተቱንም አላነሳም።»

ቦርዱ እስኪሰበሰብ ድረስ ቤትሽ ቆዪ ተባልኩ። በትሬን ይዤ ስወጣ ቀስ በል ደረጃው ድረስ ሸኘኝ።

አሁን ደስ የሚል ነገር። እማማ ሄሎ ደወሉልኝ። የስልክ ቤት ጡረተኛ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መስመር ሲያገናኙ የኖሩ። ቅጂ ሁሉ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት መጀመሪያ ሰምተው ስህተት የሚለቅሙልን እሳቸው ናቸው። «ማጫወቻሽን መልሺ የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። ስሙ ይስተካከላል ይላሉ። እኔ እንደሆነ አልመልስም» አሉኝ።

«ለምን እማማ?»

«ጋሽ መነኸሪያ እዚህ ውስጥ አሉ። እሳቸውን አጣብቄ አልሰጥም።»

ለካ ለፍተሻ ብዬ ከቀረጻ ክፍሉ በቀጥታ የላክሁላቸው ምዕራፎች ማጫወቻው ላይ ቀርተዋል። የጠፉት ሁሉ አሉ፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ በቀር። እሱን ጋሽ መነኸሪያ ባነበቡበት ቀን ነው ስክሪፕቱ የጠረገው። ስልኩን ዘግቼ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለደስታ የሚለቀስ ልቅሶ ነው፣ አትጨነቅ።

ዓይንህ እንዴት ነው? መልስ እስካገኝ እጠይቃለሁ።

እህትህ

*

ኅዳር 8

ለእትዬ፣

እንደ አንቺ ነው።

ሌላ አጻጻፍ ስፈልግ ቆይቼ አጣሁ። ከጎን ጀመረ። መጀመሪያ ሰዎች በድንገት ከአጠገቤ የሚበቅሉ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አመሻሽ ላይ የቆመ ጋሪ ገጭቼ ወደቅኩ፤ ብስክሌቱን የሸጥኩት ያኔ ነው። ሐኪሙ በቤተሰብ የሚወርድ ነው ሲለኝ «አውቃለሁ፣ እህቴ ጋ ቀድሞ ሄዷል» አልኩት። መሐሉ አሁንም ጥሩ ያያል፤ በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው። ማስመሪያ እያስደገፍኩ መስመር በመስመር አነባለሁ። ማስመሪያው ሲንሸራተት ነው ሐረግ የምደግመው። ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይልኝ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

እዚህ ማንም አያውቅም። አለቃዬ ያወቀ ዕለት ከምድጃና ከማጓጓዣ ቀበቶ መሐል አያስገባኝም። ስለዚህ በኮሪደሩ በኩል ግድግዳ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሰው ሲመጣ ስልክ የማነብ እመስላለሁ። አንቺ አለቃሽ ፊት አልፈርምም ስትዪ እኔ ግድግዳ ይዤ ነበር። ይኼን ያልጻፍኩልሽ ስለማፍር ነው።

ለእማ አትንገሪያት። እንዳታለቅሺ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 13

ለብሎኔ፣

አላለቅስም። ለራሴ ያለቀስኩት ለሁለታችንም ይበቃል።

እኔ በጀመረኝ ጊዜ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ለአንተ ልንገርህ። ግድግዳ መያዝ ተው። ግድግዳ የያዘ ሰው ሌባ ይመስላል። በትር ግዛ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ፤ መንገድ የሚለቁልህ እነሱ ናቸው። ሻይህን ስትቀዳ ጣትህን ስኒው ጠርዝ ላይ አድርግ፤ አንድ ሁለቴ ትቃጠላለህ፣ ከዚያ ትለምደዋለህ። ሰው ሲያዝንልህ ሥራ ስጠው፤ «እስቲ ያንን አቀብለኝ» በለው፣ ሐዘኑ ይጠፋል። ለአለቃህ አንተው ንገረው። ከሰው አፍ ከሰማው ደካማ ነው የምትመስለው፤ አንተ ከነገርከው ግን ፊት ለፊት ቆመህ ነው። ለእማም አንተ ነህ የምትነግራት። እሷ ከሁለታችንም የጠነከረች ናት፤ እኔን ያሳደገችኝን ረሳሃት?

አሁን የቦርዱን ነገር ልንገርህ። ምን ሆነ? እያልክ ሰሞኑን ስልኬን አጨናንቀኸው ነበር፤ ይቅርታ፣ በስልክ ብነግርህ ድምፄ ይከዳኝ ነበር።

እማማ ሄሎ ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያገናኙ የኖሩት ለካ ለዚህ ቀን ነው። ለአድማጮቻችን አንድ በአንድ ደወሉላቸው። የስብሰባው ዕለት ኮሪደሩ በበትር ኳኳታ ተሞላ። ወንበር አልበቃም፤ ግማሾቹ ቆመው ነው የተሳተፉት። ሁሉም ማጫወቻቸውን ይዘዋል።

ሰብሳቢው «ጉዳዩን በአጭሩ አስረዱን» አሉ። ማስረዳት አልፈለግኩም። ቀስ በል መመሪያው እንደሚለው የተጣበቁ ስሞችን አንድ ማጫወቻ ላይ ጭኖልኝ ነበር፤ ለሰብሳቢው ሰጠኋቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ የፍቅር መጽሐፍ እንዲፈልጉልን ለመንኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ጨፈኑ። ቁልፉን ተጫኑ፣ ተጫኑ። ማጫወቻው ሲያጉረመርም ቆይቶ «እንቁላልኳት» አለ።

«ይኼ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጃችንም ሳቁ፤ ሳቃቸውን አውቀዋለሁ። ሳቁ ሲበርድ ቀስ በል ሳይጠየቅ ተነሳ። «ቀስ በሉ» አለ። «አዲሱን ስክሪፕት በሌላ ማሽን ላይ ሞክሬዋለሁ። የጠፋ ፋይል የለም። ውሉ አትንካ ይላል፤ እኔ ነክቻለሁ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።» በሕይወቴ ከእሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

ክፍተቱ ቆየ። ስክሪፕቱ ተቀየረ። ከድርጅቱ ጋር ያለውን ውል ሊመረምሩት ነው። ወረቀቱን ግን ሙሉ በሙሉ መተው አልሆነላቸውም፤ የሆነ ሰው የሆነ ነገር መፈረም አለበት። አስተካክለው አመጡት፦ «ቅጂዎቹ በአሠራር ክፍተት ምክንያት ጠፍተዋል» ይላል። ስሜ የለበትም።

«አሁንም አልፈርምም» አልኩ።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አሉ ሥራ አስኪያጃችን።

«ክፍተት የሚለውን ቃል ለጥፋት ስም አታድርጉት። ክፍተት ምንም አላጠፋም። ጉድለት በሉት።»

ረጅም ትንፋሽ ሲወስዱ ሰማሁ። ከዚያ እስክሪብቶ ሲሰርዝ፣ ሲጽፍ። ጉድለት አሉት። ያኔ በምስክርነት ፈረምኩ።

ሁሉንም አሸነፍኩ ብዬ አልዋሽህም። ኃላፊነቱን ወስደውብኛል፤ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፣ ግን አሁን የክፍሉ አለቃ ሌላ ሰው ነው። ዋጋው ይኼ ከሆነ ከፍያለሁ። የመጨረሻው ምዕራፍም አልተገኘም። ሌሎቹ አንባቢዎች ከጋሽ መነኸሪያ በኋላ አፋችንን አንከፍትም ብለው እምቢ አሉ። መጽሐፉ ድልድዩ መሐል ላይ ቆሟል።

ጻፍልኝ። እውነቱን ብቻ።

እህትህ

*

ኅዳር 28

ለእትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። መጽሐፉን ቶሎ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ለምን ፈለግከው? ብለሽ ሁለቴ መልእክት ልከሽ ዝም አልኩሽ፤ አሁን እመልስልሻለሁ።

መጀመሪያ ለእማ ነገርኳት። «ካልሲህን በየቀለሙ አጣምደህ ማስቀመጥ ጀምር» አለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትደውላለች።

ቀጥሎ አለቃዬን። በትሬን ይዤ ገባሁ። ደነገጠ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣ። እያዘነልኝ እንደሆነ ሲገባኝ «እስቲ መስኮቱን ዝጋልኝ፣ አቧራው ገባ» አልኩት፤ ዘጋው። ያልሽው ይሠራል። ከዚያ ጥሩ የምስክር ወረቀት ጽፎልኝ በክብር ብሰናበት እንደሚሻል ነገረኝ።

«ክብሬ ያለው ማሽን ክፍሉ ውስጥ ነው» አልኩት። «ከምድጃው አጠገብ አልደርስም፣ ግዴለህም። ኮምፒውተሮቹን ግን ማንም እንደ እኔ አያውቃቸውም፣ እነሱን ለመጠበቅ ደግሞ ጆሮና ጣት ይበቃኛል። ልታሰናብተኝ ከፈለግክ ምክንያቱን ጽፈህ ፈርምበት።»

አልጻፈም። ለጊዜው እየሠራሁ ነው። ለጊዜው የምትለዋ ቃል ደስ ባትለኝም ከግድግዳው ትሻላለች። የፋብሪካውን ፋይሎች ስም ደግሞ ማለያየት ጀምሬአለሁ። አንዱ የፈረቃ አለቃ «ምን ያደርጋል?» ብሎ ተከራከረኝ፤ ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠሁትና ዞር አልኩ።

መጽሐፉን የፈለግኩት የጠፋውን የመጨረሻ ምዕራፍ ላነበው ነው። እኔ ጋሽ መነኸሪያን አላክልም፤ ግን እምቢ የማለት መብቱ ዓይናቸው ለቆየላቸው ሰዎች ነው። እኔ ዓይኔ እያለልኝ አንድ ነገር ጮክ ብዬ አንብቤ ማለፍ ፈለግኩ። ከሥራ ልብስ ማስቀመጫ ክፍል የተሻለ ጸጥተኛ ቦታ አላገኘሁም፤ የተሰቀለው ቱታ ሁሉ ድምፅ ይውጣል። በየምሳ ሰዓቱ ገብቼ ማስመሪያዬን ይዤ መስመር በመስመር አነበብኩ። መጀመሪያ ላይ «ከዚህ በኋላ ያለውን የሚያነብላችሁ ሌላ ሰው ነው፤ ጋሽ መነኸሪያ አርፈዋል» ብያለሁ። ሰው ድምፅ ሲለወጥበት ምክንያቱን ማወቅ አለበት ብዬ ነው።

ፋይሉን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 4

ይድረስ ለወንድሜ፣

ፋይልህ ደረሰ። ቀረጻ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሥራ አልቆ ሁሉም ሲሄድ ቀስ በልና እኔ ቀረን። ስክሪፕቱ ተነሳ። ገለበጠ፣ አመሳከረ፣ ጠረገ። ቀስ በል «ደርሷል» አለኝ። እኔ ግን ከማከማቻው አውጥቼ በጆሮዬ እስክሰማው አላመንኩትም።

ሰማሁት፣ ብሎኔ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። ስለ ንባብህ ምን እንደተሰማኝ ፊት ለፊት ስንገናኝ እነግርሃለሁ፤ እዚህ ከጻፍኩት የማይሆን ነገር እጽፋለሁ።

እማማ ሄሎም ሰምተውታል። ድምፁ ደኅና ነው ብለዋል፤ ከእሳቸው አፍ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከመሐል አንድ ገጽ ላይ «ይመጣል» የሚለውን አጥብቀህ፣ ሰው ሊደበድብ የሚመጣ አስመስለህ አንብበኸዋል። እዚያ ገጽ ላይ ግን የሚመጣው ጀልባ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ገጹ ይደገም ብለዋል። ወንድሜ ነው፣ ይለፉት ብዬ ለመንኳቸው፤ «አንባቢ ነው ወይስ ወንድም?» አሉኝ። አንባቢ ነው አልኩ። ስለዚህ ደግመህ ላክ።

ከዚህ ጋር ሌላ መጽሐፍ በፖስታ ልኬልሃለሁ። ከመጀመሪያው ይወፍራል። ሳትጨርሰው ዓይንህ ከቀደመህ የቀረውን በጣትህ ታነበዋለህ። ፊደሉን እኔ አስተምርሃለሁ።

እህትህ